አበበን ያሰብኩት ኮሶዬ ላይ ነው

ከጎንደር ብቻዬን በብስክሌት ወጥቼ ኮሶዬ ስደርስ ንፋሱ ከፊት እየገፋ አላስኬድ አለኝ። ልመለስ ስል አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። የሮሙ አይደለም፣ የቶኪዮው።

በ1924 ዓ.ም. ጃቶ የተወለደው የክቡር ዘበኛ ወታደር በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የሚገርመኝ ግን 1957 ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና 40 ቀን አልሞላውም። ከግማሽ መንገድ በኋላ አጠገቡ ሰው የለም፤ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚሮጠው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው የመጣው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። እሱ ግን ሳሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር! (ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይሄን በየትኛው ግራፍ እንደምስለው አላውቅም።)

በ1961 ሜክሲኮ ላይ ተጎድቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጋቢት የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልሄደም። በማግስቱ ዓመት ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ ሄደና በቀስት ተወዳደረ። ጥቅምት 1966 ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ማርሹን ቀንሼ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ቀጠልኩ።