የደካሞች ምርኩዝ ነውን?
የዲትሪክ ቦንሆፈር ሕይወት

ባለፈው ዓመት ከኅብረታችን አንድ ወንድም ቀረ። ሥራ ፈትቶ በነበረበት ጊዜ ከማናችንም ይልቅ በጸሎት የሚተጋ እርሱ ነበር። ሥራ አገኘ፤ የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። ሁለት ሆነን ቤቱ ሄደን ብንጠይቀው፣ ሃይማኖት ለተቸገረ ሰው እንደ ምርኩዝ መልካም ነገር መሆኑን፣ እግሩ የዳነ ሰው ግን ምርኩዙን ግድግዳ አስደግፎ እንደሚሄድ በትሕትና ነገረን። እኛም ያቀረበልንን ቡና ጠጥተን ወጣን እንጂ የረባ መልስ አልሰጠነውም።

መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር አሳፈረን። በኅብረታችን የሚሰማው ምስክርነት ሁሉ ከበሽታ፣ ከፈተና ውጤትና ከሥራ ማጣት የሚነሣ ነው። ያ ወንድም የመለሰልን እኛው ያስተማርነውን ነው። ስለዚህ ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ አጥብቆ የመረመረ የአንድ ሰው ሕይወት ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1906 ከመንታ እኅቱ ከሳቢነ ጋር የተወለደው ብሬስላው በተባለች፣ ያን ጊዜ የጀርመን በነበረችና ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ነው። ለወላጆቹ ከስምንት ልጆች ስድስተኛው ነበር። አባቱ ካርል ቦንሆፈር በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። እንግዲህ የሰው ስሜት በምን እንደሚታወክና በምን እንደሚጽናና በዚያ ቤት የታወቀ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ቤተ ሰቡም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር አልነበረም። ዲትሪክ የነገረ መለኮት ትምህርት ለመማር መቁረጡን ባስታወቀ ጊዜ፣ ወንድሞቹ ቤተ ክርስቲያን ደካማና አሰልቺ ድርጅት መሆኗን ነግረው ሊያስተዉት ሞከሩ። እርሱም እንዲያ ከሆነች እንደሚያድሳት መለሰላቸው። በ1927 በ21 ዓመቱ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ጤነኛ፣ የተማረ፣ ከደኅና ቤት የተወለደ፣ ፒያኖ የሚጫወት፣ ቴኒስ የሚወድ ጐልማሳ ነበር። ምርኩዝ የሚያሻው ሰው አልነበረም።

በ1930 ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። እዚያም ሐርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ስሟን ከአገራችን በወሰደችው በአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየተገኘ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። (ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ እርሱም እንደ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ነበርና።) ከዚያም የጥቁሮቹን መዝሙር በሸክላ ይዞ ተመለሰ፤ በኋላም ለተማሪዎቹ ያሰማቸው ነበር።

ሂትለር ሥልጣን የያዘው ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ቦንሆፈር በራዲዮ ቀርቦ ሕዝብ መሪውን ጣዖት ሲያደርግ ስለሚመጣው አደጋ ሲናገር፣ ንግግሩ ሳያልቅ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ስለ አይሁድ መገፋት ሲጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያን መንኰራኵሩ የደቆሳቸውን ሰዎች ቁስል በማሰር ብቻ ሳትወሰን መንኰራኵሩን ራሱን ልታግድ የሚገባት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል አስረዳ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያን ጊዜ በጀርመን የልብ መደገፊያ የፈለገ ሰው አልተቸገረም፤ ሰልፉ፣ ባንዲራውና የመሪው ድምፅ ይበቃው ነበር። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ሳይቀሩ የተደገፉት በዚያ ላይ ነው። ቦንሆፈርን እምነቱ ከዚህ ሁሉ ድጋፍ ለየው። በ1936 ከዩኒቨርሲቲ እንዳያስተምር ተከለከለ፤ በፊንከንቫልደ ይመራው የነበረውንም የሰባክያን ትምህርት ቤት ፖሊስ በ1937 ዘጋው።

በ1939 ወዳጆቹ እንዲተርፍ ብለው ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ አዘጋጁለት። ሄደ፤ ነገር ግን አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ተመለሰ። የሕዝቡን መከራ ካልተካፈለ፣ ከጦርነቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያንን በማቅናት ሥራ ለመካፈል መብት እንደማይኖረው አስቦ ነበር። ከተመለሰም በኋላ በእኅቱ ባል በሃንስ ፎን ዶናኒ በኩል ሂትለርን ለማስወገድ ከሚሠሩት ጋር ተባበረ። በጥር 1943 ማሪያ ፎን ቬደማየር ከምትባል ወጣት ጋር ተጫጨ፤ አፕሪል 5 ቀን በዚያው ዓመት ተይዞ በበርሊን ቴገል ወኅኒ ቤት ገባ።

ጥያቄያችን የሚፈተነው እዚህ ነው። ወኅኒ ሲገባ ጀግና ሆኖ አልገባም። በመጀመሪያው ጊዜ ራሱን ስለ ማጥፋት እንኳ አስቦ በቁራጭ ወረቀት ላይ ማስታወሻ ጽፎአል። በ1944 በጻፈው ግጥምም፣ ጠባቂዎቹ የሚያዩት እርጋታው እውነተኛው ማንነቱ ይሁን፣ ወይስ እርሱ ብቻ የሚያውቀው ናፍቆቱና ድካሙ፣ ራሱን ጠይቆአል። ደካማ አልነበረም ብንል እንዋሻለን።

በጃንዋሪ 1944 መጨረሻ በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ እስረኞቹ ወለል ላይ ተኝተው ነበር። ዘወትር ቀልደኛና ግድ የለሽ የነበረ አንድ ሰው በፍርሃት የእግዚአብሔርን ስም እየጠራ ጮኸ። ከእኛ አንዱ በዚያ ቢኖር ኖሮ ወዲያው መስበክ ይጀምር ነበር፤ ልቡ የተከፈተ መስሎን። ቦንሆፈር ግን ሰዓቱን ተመልክቶ፣ ድብደባው ከአሥር ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ብቻ ነገረው። የሰውን ድንጋጤ ተገን አድርጎ ሃይማኖትን መጫን አልወደደም። ይህን ለወዳጁ ለኤበርሃርድ ቤትገ የጻፈውን ስናነብ በመጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ሐሳቡን ይገልጡታል። ሰው ዕውቀቱ ወይም ጉልበቱ ሲያልቅ ብቻ የሚጠራው አምላክ የቀዳዳ መወተፊያ ነው፤ ዕውቀትና ጉልበት በጨመረ ቁጥርም ይባረራል። ስለዚህ እግዚአብሔርን በሕይወት ዳር ሳይሆን በመካከሉ፣ በሞትና በበደል ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጤናና በሥራ ጊዜም ሊያገኘው ፈለገ። እንግዲህ ወንድማችን በቡና ላይ የነገረን ነቀፌታ በወኅኒ ቤት ውስጥ በአንድ ቄስ እጅ፣ ከእርሱ ይልቅ በርትቶ ተጽፎ ነበር።

በኦክቶበር 1944 መጀመሪያ አንድ ጠባቂ ሊያስመልጠው ተስማምቶ፣ ልብስ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ወንድሙ ክላውስ ተያዘ። ቢያመልጥ ቤተ ሰቡ የባሰ እንደሚጐዳ አይቶ ሐሳቡን ተወው።

አፕሪል 8 ቀን 1945 እሑድ ነበር። ሾንበርግ በምትባል መንደር በትምህርት ቤት ክፍል ታስረው የነበሩ እስረኞች ጸሎት እንዲመራላቸው ለመኑት። ከመካከላቸው ኮኮሪን የሚባል ሃይማኖት የሌለው የሶቪየት መኮንን ስለ ነበረ፣ እንዳይጫነው ብሎ አመነታ። ኮኮሪን ራሱ ፈቃደኛ ሲሆን ግን መራ። ጸሎቱ እንዳበቃ ሊወስዱት መጡ፤ በማግሥቱ ንጋት በፍሎሰንቡርግ በስቅላት ተገደለ። ዕድሜው 39 ዓመት ነበር። ስለ መጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ሐኪም ተናገረው የሚባል ውብ ታሪክ በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ መርማሪዎች ስለ ተጠራጠሩት እኛ ትተነዋል።

ክላውስና ሁለት የእኅቶቹ ባሎችም በዚያው ወር ተገደሉ። ወላጆቹ የዲትሪክን ሞት በእርግጥ ያወቁት በጁላይ፣ ለንደን የተደረገለትን የመታሰቢያ ጸሎት በራዲዮ ሲሰሙ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ አባት በኋላ ለአንድ የሙያ ባልደረባቸው ሲጽፉ፣ በልጆቻቸው ሞት ማዘናቸውን፣ በአቋማቸው ቅንነት ግን መኩራታቸውን ገለጡ።

የዚህን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለዚያ ወንድም እንወስድለታለን።