አቡነ ባስልዮስ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ

ተማሪዎች ሆይ፥ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ስታነቡ የተወለደበትን ቦታና የሞተበትን ዓመት ብቻ መዝግባችሁ አትለፉ። ባለታሪኩ በኖረበት ዘመን ምን ችግር ገጠመው? ያንንስ ችግር በምን መንገድ ተወጣው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በልባችሁ ይዛችሁ የሚከተለውን ምንባብ አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ምንባብ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ጎረቤላ ይደርሳል። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ይታያል፤ በዙሪያውም ነገሥታቱ ያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ስለ አቡነ ባስልዮስ ሕይወት ከመናገራችን በፊት በዚህ ኮረብታ ዙሪያ የተነሣውን አንድ ክርክር ማስታወስ ይገባናል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1806 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ የአንኮበር ካህናት ስለ ክርስቶስ ልደት በተነሣ ክርክር ተከፋፈሉ። አንዱ ወገን ሦስት ልደት ሲል ሌላው ሁለት ልደት አለ። ንጉሡ የሦስት ልደትን ወገን ደገፉ፤ ተቃዋሚዎቹም ከየደብራቸው ተወገዱ። የተወገዱት ካህናት ግን በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከግብጽ ወደ መጡት ጳጳስ ወደ አቡነ ሰላማ አቤት አሉ፤ አቡኑም የሦስት ልደትን ትምህርት የሚያወግዙ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ነገሩ የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ብቻ መሆኑ ቀረ። በአንድ ደብር ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? አገሩን የሚገዛው የንጉሡ? በደብሩ የሚያገለግሉት የካህናቱ? ወይስ ከእስክንድርያ የተላከው የጳጳሱ? የልደቱ ክርክር በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት በተደረገው ጉባኤ ተዘጋ። የሥልጣኑ ጥያቄ ግን ሳይፈታ ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

የችግሩ ሥር ጥንታዊ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፥ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርገው ሾሙ። ከዚያ በኋላ 1,600 ዓመት ለሚያህል ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣላት ከግብጽ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው ቃል በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ሳይቀር ሰፍሮ ይገኛል። ዲያቆንና ቄስ የሚሾም፥ ታቦት የሚባርክ፥ ንጉሥ የሚቀባ ጳጳስ ብቻ ስለ ነበረ የአቡኑ መንበር ባዶ በሆነ ጊዜ ሥራው ሁሉ ይቆም ነበር። አቡነ ሰላማ ከመምጣታቸው በፊት መንበሩ አሥር ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይቷል። እንግዲህ ሹመት ፈላጊው ወጣት፥ አዲስ ታቦት የሚጠብቀው መንደር፥ ምን ያህል እንደ ተቸገሩ ገምቱ።

በግብጻዊው አቡን አጠገብ አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን ነበረ፤ እርሱም እጨጌ ነው። እጨጌ የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃና የመነኮሳት ሁሉ የበላይ በመሆኑ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ላይ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ነገር ግን አንዲት ሥልጣን ጐደለችው፤ ክህነት መስጠት አይችልም ነበር። አቡኑ የሚሾመውን ሕዝብ ቋንቋና ልማድ ሳያውቅ ይሾማል፤ እጨጌው ሕዝቡን እያወቀ መሾም አይችልም። ይህን ልዩነት በሚገባ ልብ በሉ፤ የአቡነ ባስልዮስ የሕይወት ሥራ የተለያዩትን ሁለት ሥልጣኖች በአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ማገናኘት ነውና።

አቡነ ባስልዮስ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ፥ ሚዳ ሚካኤል በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የጥንት ስማቸው ገብረ ጊዮርጊስ ወልደ ጻድቅ ነበር። በደብረ ሊባኖስ ገዳም ተምረው መነኰሱ። በ1926 ዓ.ም. በእጨጌነት ተሾሙ።

እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ በተሾሙበት ጊዜ የመጀመሪያው በር በጥቂቱ ተከፍቶ ነበር። ግንቦት 25 ቀን 1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤል፥ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ፥ በካይሮ ኤጲስ ቆጶሳት ሆነው ተሾሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አቡነ ሳዊሮስ ተጨመሩ። ይሁን እንጂ እነዚህ አባቶች ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ በላያቸውም ግብጻዊው አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። በሩ ተከፈተ እንጂ ቁልፉ በካይሮ ቀረ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ እጨጌው ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የደብረ ሊባኖስን ገዳም ከቦ መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ፈጀ። ጦሩ ራሱ ያመነው ቁጥር ከ400 በላይ ሲሆን ኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ብዛት ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሱታል። የገዳሙ አለቃ በስደት ሳሉ ያስተማራቸው ገዳም በደም ታጠበ።

አሁን ወደ አንድ አስደናቂ ነገር ደርሰናል። በ1930 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመኙት የኖሩትን ነገር ወራሪው ራሱ አቀረበው። የኢጣልያ መንግሥት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ተለይታለች ብሎ አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳስ አደረገ፤ እርሳቸውም ሌሎች ጳጳሳትን ሾሙ። አቡነ ቄርሎስ መለየቱን አልቀበልም ብለው ወደ ግብጽ ሄዱ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም አዲሱን ሹመት አወገዘ። ለላይ ተመልካች ይህ ነጻነት ይመስላል፤ ሊቀ ጳጳሱ ኢትዮጵያዊ ናቸውና። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከካይሮ የለያት የገዛ ጉባኤዋ ሳይሆን አገሩን በጦር የያዘ ባዕድ መንግሥት ነበር። ስለዚህ የተገኘው ነገር የጌታ ለውጥ እንጂ ነጻነት አልነበረም።

እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ በጥር 1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከድል በኋላ ካህናቱን የሚከፋፍል ከባድ ጥያቄ ጠበቃቸው። በወራሪው ዘመን የተሰጠው ሹመት ይጽና ወይስ ይፍረስ? አቡነ ቄርሎስ በ1934 ዓ.ም. ሲመለሱ እንደ ቀድሞው ሁሉን ይያዙ ወይስ ሥልጣኑ ለኢትዮጵያውያን ይተላለፍ? ከእስክንድርያ ፈጽሞ እንቈረጥ የሚሉ ነበሩ፤ የአባቶችን ሥርዓት አንነካም የሚሉም ነበሩ።

ሁለቱም መንገዶች አደጋ ነበረባቸው። እስክንድርያን ጥሎ መሄድ ቀላል ቢመስልም የሹመቱን ሕጋዊነት በጥያቄ ውስጥ ይጥላል፤ አንዱ ካህን የሌላውን ክህነት የማይቀበልበት መለያየትም ሊከተል ይችላል። በጥንቱ ሥርዓት መኖር ደግሞ ችግሩን ለሌላ ትውልድ ማቈየት ነው። የተመረጠው ሦስተኛው መንገድ፥ ረጅሙ የድርድር መንገድ ነው። በአዲስ አበባና በካይሮ መካከል መልእክተኞች ለዓመታት ተመላለሱ። በመጨረሻ በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ስምምነት ተደረሰ፤ ከአቡነ ቄርሎስ በኋላ ሊቀ ጳጳሱ ኢትዮጵያዊ እንዲሆን ተወሰነ። ሐምሌ 18 ቀንም እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ባስልዮስ ተብለው ከአቡነ ሚካኤል፥ ከአቡነ ቴዎፍሎስ፥ ከአቡነ ያዕቆብና ከአቡነ ጢሞቴዎስ ጋር በካይሮ ኤጲስ ቆጶስ ሆኑ። እዚህ የተጠቀሱት አቡነ ሚካኤል በጎሬ የተገደሉት እንዳልሆኑ አስተውሉ።

አቡነ ቄርሎስ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም. ፓትርያርክ ዮሳብ ሁለተኛ አቡነ ባስልዮስን የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ አድርገው ሾሙ፤ ጳጳሳት የመሾም ሥልጣንም ሰጧቸው። በዚያው ዓመት አቡነ ባስልዮስ ሌሎች ኤጲስ ቆጶሳትን በገዛ እጃቸው ሾሙ። ከአባ ሰላማ ዘመን ጀምሮ የጐደለችው ሥልጣን የተገኘችው ያን ጊዜ ነው። የእጨጌነቱና የጳጳስነቱ ሥልጣንም በአንድ ሰው እጅ ተገናኘ።

የመጨረሻው ደረጃ ከስምንት ዓመት በኋላ ተፈጸመ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ስድስተኛ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት፥ አቡነ ባስልዮስን በካይሮ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው ሾሙ። በስምምነቱ መሠረት የእስክንድርያው ፓትርያርክ መንፈሳዊ አባትነትና ክብር ተጠበቀ፤ አስተዳደሩና የጳጳሳት ሹመት ግን የኢትዮጵያ ሆነ።

ተማሪዎች ሆይ፥ ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ፍጹም ደስታ በሆነ ነበር። ነገር ግን በአንኮበር ኮረብታ ላይ የተነሣው ጥያቄ ሁለት ወገን እንደ ነበረው አትርሱ፤ ከጳጳሱ ጋር ንጉሡም ነበሩበት። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሊቀ ጳጳሱና የጳጳሳቱ ምርጫ በንጉሠ ነገሥቱ እንዲጸድቅ ደንግጎ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜም ፓትርያርኩ ዐማፅያኑን አወገዙ፤ የውግዘቱም ወረቀት በአውሮፕላን በአዲስ አበባ ላይ ተበተነ። ይህም የዙፋኑና የመንበሩ ትስስር ምን ያህል የጠበቀ እንደ ነበረ ያሳያል። ከካይሮ የተገኘው ነጻነት ከቤተ መንግሥት የተገኘ ነጻነት አልነበረም።

አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ፤ ሹመቱም የተፈጸመው በካይሮ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነበር። አቡነ ባስልዮስ ሦስት ጊዜ ወደ ካይሮ ሄደው ሦስቱን ማዕርግ ተቀበሉ፤ ከእርሳቸው በኋላ ግን ለሹመት ወደ ካይሮ መሄድ ቀረ።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ላሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር የተነሣው ክርክር ከትምህርተ ሃይማኖት አልፎ የሥልጣን ጥያቄ የሆነው እንዴት ነው?
2. የአቡንና የእጨጌ ሥልጣን በምን ይለያይ ነበር?
3. በ1921 ዓ.ም. የተሰጠው ሹመት በ1943 ዓ.ም. ከተሰጠው በምን ያንሳል?
4. በ1930 ዓ.ም. በወራሪው የታወጀው መለየት እውነተኛ ነጻነት ነው አይደለም? ሐሳባችሁን በምክንያት አስረዱ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላት ፍቺ ከአገባባቸው ተረድታችሁ ጻፉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
መንበር፥ አወገዘ፥ ማዕርግ፥ ድርድር፥ ይጽና

ሐ. በምንባቡ ውስጥ «በሩ ተከፈተ እንጂ ቁልፉ በካይሮ ቀረ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። «እንጂ» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን አገልግሎት አስረዱ፤ በዚሁ ዓይነት የተዋቀሩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችንም ሥሩ።

መ. ድርሰት። በአካባቢያችሁ ባለ አንድ ዕድር፥ ማኅበር ወይም ደብር አባላት መካከል የመጨረሻው ቃል የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ እንበል። የሁለቱን ወገኖች ሐሳብ ሳታዳሉ ካቀረባችሁ በኋላ ክርክሩ በምን መንገድ ቢፈታ እንደሚሻል በአራት አንቀጽ ጻፉ። የእውነተኛ ሰዎችን ስም አትጥቀሱ።