የሕይወት ደረጃዎች በቅዱስ ላሊበላ ገድል

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሻርል ቫለንታን አልካን በ1847 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የፒያኖ ሶናታ የሰውን ዕድሜ ከ20 እስከ 50 ዓመት በአራት ክፍሎች ሥሏል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ሙዚቃው እየዘገመ ይሄዳል። የላስታው ንጉሥ ላሊበላ ሕይወት በገድሉ ሲተረክ ግን ሂደቱ ተቃራኒ ነው። በሮሐ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንግሥናውን ከዚህ ተረድታ ስሙን አወጣችለት። በወጣትነቱ የወንድሙ የሐርቤ ቅናት ጸናበት። መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሙት በቆየ ጊዜም የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት በሰማይ አየ። መስቀል ክብራን አገባ፤ ተሰደደ፤ በመጨረሻም ነግሦ ያየውን ከዓለት አስፈለፈለ።

ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዕረፍት ሁለት መቶ ዓመታት ያህል ዘግይቶ ስለሆነ እንደ ዜና መዋዕል ሊነበብ አይገባም። በስሙ የተሰጡ የመሬት ጉልት ሰነዶች የሚያሳዩት በዙፋን ላይ ያለውን ንጉሥ ብቻ ነው፤ ስለ ልጅነቱና ስለ ስደቱ ዝም ይላሉ። ስለዚህ አጥኚው ሁለቱን ምንጮች ሳያደባልቅ ሊመረምር ይገባዋል፦ ሰነዶቹ ሥልጣኑን ይመሰክራሉ፤ ገድሉ ደግሞ ኋለኛው ትውልድ ያንን ሕይወት የተረዳበትን መንገድ ያሳያል። በአልካን ዘንድ ዕድሜ ኃይልን ያደክማል፤ በገድሉ ዘንድ ግን በልደት የተሰጠው ተስፋ የሚፈጸምበት ጎዳና ነው።