በሽታን በካርታ ላይ ያነበቡት ሐኪም፤ የዶክተር ዴኒስ በርኪት የሕይወት ታሪክ

የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ንዳድ እንዳይዘው መጠንቀቁ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ እንደ ቤቴል ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ሰፈር የሚኖር ሰው ለሥራ ወደ ጋምቤላ ሲታዘዝ አጎበሩን ይዞ እንዲወርድ ይመከራል። ሰው በምን በሽታ ሊያዝ እንደሚችል አስቀድሞ ለማወቅ የሚኖርበትን አገር መጠየቅ እንደሚገባ አባቶቻችን በልምድ ተረድተውት ነበር። ይህንኑ ጥያቄ ስለ ካንሰር ወይም ስለ ነቀርሳ በሽታ አንሥተው ታላቅ ውጤት ያገኙ አንድ ሐኪም ነበሩ። የእኚህ ሰው ታሪክ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ትምህርት ይሰጣል ብለን ስላመንን ባጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዴኒስ በርኪት በ1911 በአየርላንድ በኤኒስኪለን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአውራጃ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደረተ ቀይ የሆኑ ትንንሽ ወፎችን እየያዙ በእግራቸው ቀለበት ያስሩላቸው፣ የእያንዳንዱም ወፍ ድንበር እስከ የት እንደሚደርስ በካርታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ልጁ ይህን እያዩ ማደጋቸው ለኋለኛው ሥራቸው ሳይጠቅማቸው አልቀረም። በ11 ዓመታቸው በተወረወረ ድንጋይ አንድ ዓይናቸውን አጡ።

በደብሊን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የምሕንድስና ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ወዲያው ግን ወደ ሕክምና ተዛውረው በ1935 ተመረቁ። በአፍሪካ ለማገልገል ያቀረቡት ማመልከቻ አንድ ዓይና በመሆናቸው ምክንያት ውድቅ ሆነባቸው። ይሁን እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊት ሐኪምነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም በ1946 በኡጋንዳ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በካምፓላ ወደሚገኘው ወደ ሙላጎ ሆስፒታል ተዛወሩ።

በ1957 የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ሂው ትሮውል አንድ ሕፃን አሳዩዋቸው። የሕፃኑ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ በግራም በቀኝም አብጦ ነበር። ብዙ ሳይቆይም በጂንጃ ሆስፒታል በመስኮት ሲመለከቱ ሌላ ሕፃን ያንኑ የመሰለ እብጠት ይዞት አዩ። አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊባል ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ሲታይ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ዶክተሩም የሆስፒታሉን የቆዩ መዝገቦች አስወጥተው ማገላበጥ ጀመሩ። በልዩ ልዩ ስም ተመዝግበው የነበሩት የሕፃናት ዕጢዎች በውነቱ አንድ በሽታ እንደሆኑ ተረዱና በ1958 ይህንኑ በጽሑፍ አወጡ። በሽታው ዛሬ በስማቸው የበርኪት ሊምፎማ ይባላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የትኞቹ ልጆች ይያዛሉ የሚለው ነበር። ዶክተር በርኪት የበሽታውን ፎቶግራፍ ከመጠይቅ ጋር አድርገው በአፍሪካ ወዳሉት የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች ላኩ፤ መልስ በመጣ ቁጥር ስፍራውን በካርታ ላይ ያመለክቱ ነበር። ደብዳቤ ብቻውን ስላልበቃቸውም በ1961 ከሁለት ሐኪም ወዳጆቻቸው ጋር በአንድ ያገለገለ የፎርድ መኪና ተነሥተው በ10 ሳምንት ውስጥ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎችን እየጎበኙ ይህ በሽታ እዚህ ይታያልን፣ ሕፃኑስ ከየት መጣ እያሉ ጠየቁ።

ከካርታው የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነበር። በምድር ወገብ አጠገብ በሽታው ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አይገኝም ማለት ይቻላል። ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ በተራቀ መጠን ደግሞ ይህ ድንበር ዝቅ እያለ ይሄዳል። ወሳኙ ከፍታው ራሱ ሳይሆን ሙቀትና ዝናብ እንደሆነም ታወቀ፤ የበሽታው አገር የወባ አገር ነበርና። በ1964 በለንደን ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር የተባሉ ተመራማሪዎች ከካምፓላ በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ በዓለም ሁሉ የሚገኝ ሲሆን፣ በሕፃንነት ወባ ደጋግሞ የሚይዘው ልጅ ግን ለዚህ ካንሰር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን በኋላ የተነሡ ሊቃውንት አረጋገጡ። ዶክተር በርኪት ብዙ ሕፃናትን በመድኃኒት ለማዳንም በቁ።

በ1966 ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሰው ስለ ምግብና ስለ አንጀት በሽታ ሲመራመሩ ቆይተው በ1993 በ82 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች የሚቀጠሩ ወጣት ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር የሺህ ሰዎችን የጤና መዝገብ እያነጻጸሩ ማን ለካንሰር ይበልጥ እንደሚያሰጋው ለመተንበይ ይጥራሉ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው የበርኪት ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባም በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የከተማው የካንሰር መዝገብ ተቋቁሟል። ከቤቴልም ሆነ ከሌላ ሰፈር የታመመ ነዋሪ ዕድሜው፣ ጾታው፣ አድራሻውና የበሽታው ዓይነት እንዲመዘገብ ታስቦ ነው።

እዚህ ላይ ወጣቱ ሠራተኛ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከጋምቤላ ቆላ የመጣ አንድ የታመመ ሕፃን ቤቴል ካለች አክስቱ ቤት ዐረፈ እንበል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ለጊዜው ያረፈበትን ቤት ብቻ ጽፎ ቢያልፍ፣ የቆላው በሽታ በደጋ ካርታ ላይ ይቀመጣል። ሕክምናው ባይጓደልበት እንኳ፣ በመጣበት ቀዬ ያሉት ሌሎች ልጆች ከተመራማሪው ዓይን ይሰወራሉ። ትንቢቱ ከመዝገቡ የተሻለ ሊሆን አይችልምና።

በርኪት ድል ያደረጉት ውድ በሆነ መሣሪያ ሳይሆን፣ በየሩቁ ሆስፒታል ያሉ ሠራተኞች በትክክል በጻፉትና በመለሱላቸው ቃል ነው። ልጁ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ መልሱን በጥንቃቄ የሚጽፍ ሠራተኛ፣ ስሙ በየትም ባይነሣ፣ የዚያ ሥራ ተካፋይ ነው።