ዮሐንስ ኬፕለር፤ በነጻ ትምህርት ዕድል የተማረው የከዋክብት ሊቅ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ዮሐንስ የሚለው ስም ለመቀሌ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከተማችን የዐፄ ዮሐንስ መናገሻ ነበረችና። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላው ዮሐንስ፣ በጀርመን አገር ተወልዶ የፈለኮችን፣ ይኸውም ፕላኔት የምንላቸውን፣ መንገድ ስላገኘው ስለ ዮሐንስ ኬፕለር ነው። ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥሁት አስቀድሜ ልናገር። የክፍላችን ልጆች ስለ እንጦጦ የከዋክብት መመልከቻና ለጠፈር ሳይንስ ስለሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ሲነጋገሩ፣ ዕድሉ ትምህርቱ አንድ ቀን እንኳ ላልተቋረጠበት ልጅ ብቻ የተዘጋጀ ይመስላቸዋል። እኛ ደግሞ ከ2020 እስከ 2023 ድረስ ከትምህርት ርቀን፣ በሓወልቲ ሰፈር መብራት በሌለው ደጃፍ ላይ ማታ ማታ ከዋክብትን ስንቈጥር የቈየን ነን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኬፕለር በዲሴምበር 27 ቀን 1571 ቫይል ዴር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በደመወዝ ለባዕድ የሚዋጋ ወታደር ስለ ነበረ ቤቱን እየጣለ ይሄድ ነበረ፤ በመጨረሻም ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ልጁን ገና ሕፃን ሳለ ፈንጣጣ ያዘውና ዓይኑን አደከመው፤ እጆቹንም ጐዳቸው። ሰማይን የሚመረምር ሰው በደካማ ዓይን መጀመሩ የሚያስገርም ነው። በ1577 ታላቅ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ እናቱ ካታሪና ወደ ከፍታ ቦታ ወስዳ አሳየችው።

ወላጆቹ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወሩ፣ እርሱንም በእርሻ ሥራ ሲያሰማሩት ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ተቋረጠ፤ ከዚህም የተነሣ በሦስት ዓመት የሚያልቀውን የላቲን ትምህርት በአምስት ዓመት ጨረሰ። ነገር ግን የቩርተምበርግ መሳፍንት የቀድሞዎቹን ገዳማት ትምህርት ቤት አድርገው ፈተና ያለፉትን ልጆች በመንግሥት ወጪ ያስተምሩ ነበረ። ኬፕለርም ፈተናውን አልፎ በ1584 ወደ አደልበርግ፣ በ1586 ወደ ማውልብሮን፣ በ1589 ወደ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ምግቡም ማደሪያውም በመስፍኑ ላይ ነበረ። በኋላም በተወለደባት ከተማ በኩል በዓመት 20 ጉልደን የሚሆን ሌላ ድጎማ ተጨመረለት።

ይህ ዕድል ግን ዕዳ ነበረበት። ተማሪው ቄስ ሆኖ የመስፍኑን አገር ሊያገለግል ይገደዳል፤ ያለ ፈቃድም ሌላ ሥራ ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ ገንዘቡ ለስብከት እንጂ ለከዋክብት ምርምር የተሰጠ አልነበረም። ይሁን እንጂ በቱቢንገን ሚካኤል ሜስትሊን የሚባል መምህር ነበረ፤ እርሱም ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የሚናገረውን የኮፐርኒከስን ትምህርት ለጥቂት ተማሪዎች ያስረዳ ነበረ። በ1593 ኬፕለር በጨረቃ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሰማይ እንዴት እንደሚታይ የሚገልጽ ድርሰት አዘጋጀ። ክርክሩን የሚመራው መምህር ግን አልፈቀደለትምና ወረቀቱ ተቀመጠ።

በ1594 በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ የነበረው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ስለ ሞተበት ከቱቢንገን ሰው ጠየቀ። ኬፕለር ቅስናውን ሊይዝ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲቀረው እርሱ ተመረጠ። ቅር ቢለውም መስፍኑን አስፈቅዶ በዓመት 150 ጉልደን ደመወዝ ሄደ። በእኔ አስተያየት የሕይወቱ መንገድ የተለወጠው በዚህ ባልፈለገው ሹመት ነው።

በ1600 ፕሮቴስታንቶች ከግራትስ ሲባረሩ ወደ ፕራግ ወደ ቲኮ ብራሄ ተሰደደ። ቲኮ ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዓይኑና በታላላቅ መለኪያዎች፣ የፈለኮችን ቦታ ለብዙ ዓመታት መዝግቦ ነበረ። በ1601 ሲሞት መዝገቡ በኬፕለር እጅ ገባ፤ እርሱም የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅ ተባለ። የማርስን መንገድ እንደ ጥንቱ ልማድ በክብ ሲያሰላው ከቲኮ መዝገብ ጋር የ8 ደቂቃ ልዩነት ተገኘበት። ይህ የሰዓት ደቂቃ ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ከምትይዘው ስፋት ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ሌላ ሰው ይህን ንቆ ይተወው ነበረ። ኬፕለር ግን የዓመታት ስሌቱን ጥሎ እንደ ገና ጀመረ፤ በ1609ም መንገዱ ሞላላ እንደ ሆነ፣ ፀሐይም ከመካከሉ ወጣ ብላ እንደምትገኝ፣ ፈለኩም ወደ እርስዋ ሲቀርብ እንደሚፈጥን ሲርቅም እንደሚዘገይ በመጽሐፍ አስታወቀ። ሦስተኛውን ሕጉን በ1619 ጨመረ። በ2019 የተላከችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሳትቀር ምድርን የዞረችው በዚሁ ሕግ ነው።

ደመወዙ ግን በወረቀት እንጂ በእጅ አይገኝም ነበረ። የተማረበት ዩኒቨርሲቲም በሃይማኖት ክርክር ምክንያት መምህር አድርጎ አልተቀበለውም። እናቱ ጠንቋይ ናት ተብላ ተከስሳ በ1620 ታሰረች፤ ልጅዋ ሥራውን ትቶ ሄዶ ተሟገተላት፤ ከ14 ወር እስራት በኋላ በ1621 ተፈታች። በ1630 ያልተከፈለውን ገንዘብ ለመጠየቅ በፈረስ ወደ ሬገንስቡርግ ሄደ፤ በዚያም ታሞ በኖቬምበር 15 ቀን ዐረፈ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት የመቃብር ስፍራውን ስላጠፋው የተቀበረበት ቦታ አይታወቅም።

ያ በተማሪነቱ የተከለከለው የጨረቃ ድርሰት ግን አልጠፋም። ኬፕለር ዕድሜውን ሁሉ ሲያሰፋው ኖሮ ነበረና ልጁ ሉድቪግ በ1634 አሳተመው።