ጆርጅ ናታልና የውሻ የመዥገር በሽታ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ውሻ የበረት ዘበኛ ነው። ሆኖም በሬውን ወደ ክሊኒክ የሚነዳ ገበሬ ውሻውን ይዞ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አያስብም። እህል እንቢ ብሎ፣ ድዱ ገርጥቶና ሽንቱ ቀልቶ ለተኛ ውሻ ከመዥገር የሚመጣ የደም በሽታ ሊጠረጠርለት ይገባል። ለዚህ ደዌ የመጀመሪያውን ፍቱን መድኃኒት ካገኙት አንዱ ጆርጅ ናታል ነው።

ናታል እ.ኤ.አ. በ1862 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። በ1884 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ በ1890 በጀርመን አገር በጎቲንገን የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። በ1892 ከዊልያም ዌልች ጋር ሆኖ ቁስልን በጋዝ የሚያሳብጠውን ባክቴሪያ አስታወቀ። ይህ ብቻ እንኳ ስሙን ለማስጠራት በበቃ ነበር። ነገር ግን በ1899 ወደ ካምብሪጅ ከተሻገረ በኋላ ልቡ ያረፈው ብዙው ሰው በሚጸየፈው ፍጥረት በመዥገር ላይ ሆነ። ከ1908 ጀምሮም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ መዥገር ዝርያዎች ሰፊ መጽሐፍ በተከታታይ ክፍል አሳተመ።

በሽታውን መዥገር እንደሚያስተላልፍ በ1901 ቻርልስ ላውንስበሪ በደቡብ አፍሪካ አረጋግጦ ነበር። ናታል ደግሞ ምርመራውን ወደ ደም አዞረ። ከውሻው የተወሰደ የደም ጠብታ በስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶና በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የእንባ ጠብታ የመሰሉ ጥንድ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ባቤዝያ ይባላሉ። ሕዋሱን አፈንድተው ስለሚወጡ ሽንት የሚቀላው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1909 ናታልና ሲሞር ሃድዌን ትሪፓን ብሉ የተባለውን ቀለም በታመሙ ውሾች ላይ ሞከሩ። ተሕዋስያኑ ከደም ውስጥ ጠፉ፤ ለሞት የቀረቡት ውሾችም ተነሡ። መቼም መድኃኒቱ እንከን አላጣም፤ ሥጋን ሰማያዊ ያደርጋል፣ ትናንሾቹን የባቤዝያ ዓይነቶችም እምብዛም አይደፍርም።

ናታል በ1937 ሞተ። በኋላ ትሪፓን ብሉን ዲሚናዚን ተካው፤ ይኸውም ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ለከብት የገንዲ በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የውሻ መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊግራም፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አንጎልን ያደማል። 1.05 ግራም ዲሚናዚን የያዘው ከረጢት የተሰላው ለ300 ኪሎ ከብት ስለሆነ፣ የ15 ኪሎ ውሻ ድርሻ ከዚያ ሃያኛው እጅ ብቻ ይሆናል። ኤርሊኪያ የተባለውን ሌላውን የመዥገር ደዌ ደግሞ ይህ መድኃኒት አያድነውም፤ ዶክሲሳይክሊን ይፈልጋል። ሁለቱን ለመለየት መርፌው ከመወጋቱ በፊት ያው የናታል ስላይድ ያስፈልጋል።