የፈረሰኛው የቅዱስ ማርቲኖስ ካባ

ልብስ የገላ መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ የሹመትና የአገልጋይነት ምልክትም ነው። በሮም መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘበኛ ፈረሰኛ ያየ ሰው ጌታው ማን እንደ ሆነ ከልብሱ ያውቅ ነበር። ካባው በቀኝ ትከሻ ላይ ይያያዝ ነበር፤ ይኸውም ሰይፍ የሚመዘው እጅ ነጻ እንዲሆን ነው። ማያያዣው እንደ ማዕርጉ ከነሐስም ከወርቅም ይሠራ ነበር። መታጠቂያውም የንጉሥ አገልግሎት ምልክት ስለ ነበረ፥ መታጠቂያውን ፈታ ማለት ከወታደርነት ወጣ ማለት ነበር። ይህን ክብር ለብሶ ኋላ ከተዉት አንዱ ቅዱስ ማርቲኖስ ነው።

ማርቲኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ዛሬ ሁንጋርያ በምትባለው አገር፥ በሳቫርያ ከተማ ተወልዶ በኢጣልያ በፓቪያ አደገ። አባቱ አረማዊ የጦር አለቃ ነበረ። ልጁ ግን በ10 ዓመቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሽቶ ንኡሰ ክርስቲያን ለመሆን ለመነ። የወታደር ልጅ ወታደር እንዲሆን ሕግ ያስገድድ ነበርና፥ በ15 ዓመቱ ተይዞ መሐላ ገባ፤ ከዘበኛ ፈረሰኞችም ጋራ ተቈጠረ። አንድ አሽከር ነበረው፤ ነገር ግን ጫማ የሚያወልቀውና የሚወለውለው ጌታው ለአሽከሩ ነበር።

በ18 ዓመቱ በጋልያ በአሚያን ከተማ በር፥ ብዙ ሰው በብርድ በሞተበት ክረምት፥ የተራቈተ ድኻ አገኘ። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድሞ መጽውቶ ነበርና ከካባውና ከመሣሪያው በቀር የቀረው አልነበረም። ሰይፉን መዝዞ ካባውን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ለድኻው አለበሰው። የተቈረጠውን ልብስ አይተው የሳቁበት ነበሩ፤ አስተዋዮች ግን ከእርሱ የበለጠ እያላቸው ምንም ባለማድረጋቸው አዘኑ። በዚያችም ሌሊት ክርስቶስን ያንን ግማሽ ካባ ለብሶ በሕልሙ አየው፤ ፈጥኖም ተጠመቀ።

ኋላ በዎርምስ አጠገብ ዩልያኖስ ለጦሩ ሽልማት ሲያድል ማርቲኖስ አልቀበልም ብሎ ስንብት ጠየቀ። ፈርቶ ነው ተብሎ ቢነቀፍ፥ ያለ መሣሪያ በሰልፉ ፊት ሊቆም ፈቀደ። በማግሥቱ ጠላት እርቅ ጠየቀና ማርቲኖስ መታጠቂያውን ፈታ። ከዚያ ወዲያ በሊጉዤ መነኰሰ። በ371 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የቱር ሕዝብ ኤጲስ ቆጶስነት ሲመርጠው፥ ከተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት አንዳንዶቹ ልብሱ አዳፋ፥ ጠጕሩ ያልተበጠረ ነው ብለው ተቃወሙ። ሕዝቡ ግን አልሰማቸውም።

በሹመቱም ሳለ አንድ ቀን ወደ ቅዳሴ ሲሄድ የታረዘ ድኻ አይቶ ሊቀ ዲያቆናቱን እንዲያለብሰው አዘዘው። እርሱ ቢዘገይ ቅዱሱ ከላይ ከደረበው ሥር ቀሚሱን አውልቆ በስውር ሰጠ። ሊቀ ዲያቆናቱ ነገሩን ሳያውቅ፥ ተቈጥቶ፥ በ5 ብር የተገዛ አጭርና ሻካራ ልብስ አምጥቶ በእግሩ ሥር ጣለው። ማርቲኖስም ያንኑ ለብሶ ወደ መሠዊያው ወጣ። በ397 ዐረፈ።

ለራሱ የቀረው ግማሽ ካባ ነው የተባለውን የፍራንክ ነገሥታት በክብር አኖሩት፤ ወደ ጦርነትም ይዘውት ይወጡ ነበር። ትንሽ ካባ ማለት በላቲን ካፔላ ነውና፥ የተቀመጠበት የጸሎት ቤት ካፔላ፥ ጠባቂዎቹም ካህናት ካፔላኒ ተባሉ። እንግሊዞች ቻፕልና ቻፕሊን የሚሉት ከዚሁ የወጣ ነው። የባልንጀሮቹ ሙሉ ካባና የወርቅ ማያያዣ ከባለቤቶቹ ጋራ ተረሳ፤ ለድኻ የተከፈለው ካባ ግን የእግዚአብሔር ቤት መጠሪያ ሆነ።